ስም የነበራቸው ኪሶች

ጥር 9

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጭራሮ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ እናቱ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ደህና ናቸው። ደብዳቤህ ደርሶኛል። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ስትሰጠኝ ደነገጥኩ፤ በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻፈው ሰው ሲሞት ወይም ሲከሰስ ነው ብዬ። ከፍቼ ሳነበው ግን አንድም ነገር የለበትም። አየሩ እንዲህ ነው፣ የቢሮው አሳንሰር ተበላሽቷል፣ ደረጃው አድካሚ ነው፤ በቃ ሦስት ገጽ ሙሉ ይኸው። በየእሁዱ ስትደውልልኝ የነበርከው ልጅ ምን አግኝቶህ ነው እንደ ዘማች ወታደር ደብዳቤ የጀመርከው? እኔ ስደውል ደግሞ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የምትል ቁራጭ መልእክት ትልክልኛለህ። በእሁድ ምን ስብሰባ አለ?

ለማንኛውም የጠየቅኸኝን ልመልስ። በእኔ የፀጉር ሳሎን በኩል አንተ የምትሠራበት ባንክ የገባው ሰው አሥራ ሰባት ደርሷል። ዘዴዬ ቀላል ነው። ጭንቅላቷ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባ ሴት የትም አትሄድም፤ ሃያ አምስት ደቂቃ አለኝ። ስልኳን እቀበልና ሕንፃ የለው፣ ሰልፍ የለው፣ ሁሉ ነገር እዚሁ ስልክሽ ላይ ነው እላታለሁ። ከዚያ ገንዘቧን በየኪሱ እከፍልላታለሁ፤ ይሄ ለኪራይ፣ ይሄ ለልጆች ጫማ፣ ይሄ ለክፉ ቀን። ለየኪሱ ስም ስትሰጥ ፊቷ ላይ የማየው ነገር ፀጉሯን ስጨርስላት እንኳ አይታይም።

«የድሮ ባንካችሁን ደብተር አልዘጋችሁትም አይደል?» ብለሃል። ዘግተነዋል እንጂ፤ ምን ያደርግልናል?

አማቴ ባለፈው ሳምንት ጉድ ሠሩ። ሦስት ኪስ ነው ያላቸው፤ «መድኃኒት»፣ «ስልክ» እና «ቀብሬ»። ከ«ቀብሬ» አውጥተው ጫማ ሊገዙ ሲሉ ስልኩ፣ «ይህ ለቀብርዎ ያስቀመጡት ነው። እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠራርገው መልሰው አደረጉና «አዎ» ብለው ገዙ። ለምን ስላቸው፣ «በባዶ እግሬ ልቀበር እንዴ?» አሉኝ። ከሁሉ የገረማቸው ግን አንቱ መባላቸው ነው። «የወለድኩት ልጅ ሲጮህብኝ እንጂ ሲጠይቀኝ አላውቅም» ይላሉ። ያንን ጥያቄ የጻፍከው አንተ መሆንህን ሳስብ ማበጠሪያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አይቀረው።

ባለ ሉካንዳው ጎረቤታችን አንዱን ኪስ «ለማንም የማይነገር» ብሎታል። ስልኩን ሲያሳየኝ እንኳ ያቺን መስመር በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልብስ ሰፊዋ ለአዲስ ማሽን የያዘችውን ገንዘብ በሙሉ ባንካችሁ ልታስገባው ነው። እኔ አስገቢ ብያታለሁ፤ እሷ ግን የአንተን ቃል ካልሰማሁ አለች። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

* * *

ጥር 21

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጋሼስ? እማማስ? ሳሎኑስ፣ ወንበሮቹስ፣ ያ የሚያንጠባጥበው ቧንቧስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አልታመምኩም። ከማንም አልተጣላሁም። ስለ እሁዱ ስብሰባ ለጠየቅሽኝ፣ ሰው በእሁድም ይሰበሰባል።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን ትግዛ። ገንዘቡን የትም ሳታስገባ አሁኑኑ ትግዛው። የስፌት ማሽን ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ማን እንዳለ አላስታውስም፤ የታመነ ሰው ነው።

እማማ ጫማ መግዛታቸው ደስ ብሎኛል። ሌላም የሚያምራቸው ነገር ካለ ባይቆዩ ጥሩ ነው። ባለ ሉካንዳውም ያንን የማይነገረውን ነገር በቶሎ ቢያደርገው እላለሁ፤ ምን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም።

አንቺንም አንድ ነገር ልለምንሽ። ለጊዜው ሰው ማስመዝገቡን ተዪው። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ዕረፍት ያስፈልገዋል።

አሳንሰሩ ተሠርቷል። ሁለት ቀን ሠርቶ እንደገና ተበላሽቷል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ለምኑ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እንዲያው በጠቅላላው ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

* * *

የካቲት 5

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን መጀመሪያ ለባለቤቴ፣ ቀጥሎ ለአማቴ፣ ከዚያ ለባለ ሉካንዳው ሚስት አነበብኩላቸው። ባለቤቴ ጎማ እየለጠፈ ሲሰማኝ ቆየና፣ «ፍቅር ይዞታል» አለ። አማቴ ደግሞ ኩላሊት ነው አሉ፤ ሰው ያለ ምክንያት ይቅርታ የሚጠይቀው ኩላሊቱን ሲያመው ነው ይላሉ። የባለ ሉካንዳው ሚስት ግን ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ራሷን ነቀነቀች፤ ያ ደግሞ ይባስ አስጨነቀኝ።

ልብስ ሰፊዋ በቃልህ መሠረት ማሽኑን በማግስቱ ገዛች። በሳምንቱ ምን ሆነ መሰለህ፣ ዋጋው ጨመረ። እውነት ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አንተን የሚያይህ እንደ አዋቂ ነው። «እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ባንክ ነው እንግዲህ» ብለው በእነዚህ ጥቂት ቀናት ብቻ ስድስት ሰው ተጨምሮ ሃያ ሦስት ሆነናል። ሰው ማስመዝገብ ተዪ ብለኸኝ ነበር፤ ግን እኔ ምን ላድርግ፣ ራሳቸው መጥተው ወንበር ይይዛሉ፤ ፀጉራቸውን እንኳ የማይሠሩ ወንዶች።

ክብደትህ ቀንሷል ወይ? ፎቶ ላክልኝ። ከወገብ በላይ ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን።

እህትህ

* * *

የካቲት 17

እታለም፣

ደህና ነኝ። ኩላሊቴም ደህና ነው። ፍቅርም አልያዘኝም።

የድሮውን ባንክ ደብተርሽን መልሰሽ ክፈቺ። ጋሼም ይክፈት፤ እማማም ይክፈቱ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ይህንን ደብዳቤ ለማንም አታንብቢ።

ወንድምሽ

* * *

መጋቢት 2

ለባንኩ የመልእክት ጽሑፍ ክፍል ባልደረባ፣

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለክቡራን አለቆችዎ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ትናንት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የላኩልን መልእክት ደርሶናል። በሰዓቱ እኔ የባለ ሉካንዳውን ሚስት ፀጉር ቀለም ቀብቼ፣ ለመታጠብ ሰባት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ የእኔ፣ የእሷ፣ የልብስ ሰፊዋ፣ ተራ የሚጠብቁት የሦስቱም። መንገዱ ማዶ ሉካንዳው ውስጥ ሳይቀር ሲጮህ ሰማን። እኔ ቆሜ ለሁሉም አነበብኩላቸው። «ውድ ደንበኛችን፣ ከባድ ነገር ልንነግርዎ ነው። እባክዎ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» ይላል።

እዚህ ላይ ስደርስ መስመሩን መልሼ አነበብኩት። ልብስ ሰፊዋ፣ «ቀጥይ እንጂ» አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ሆነህ የፈተና ወረቀት ከጀርባህ ደብቀህ ስትመጣ «እታለም፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» ትለኝ አልነበረም? አጥሩን ያፈረስከው ዕለትስ? እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ይኸው፣ እርስዎ ማለቱም ጠፋኝ።

ባንኩ በዚህ ወር ውስጥ ይዘጋል፤ ገንዘባችን ሳንቲም ሳይጎድል «በአንድ ድምር» ይመለሳል፤ ውሳኔው የተወሰነው በኅዳር ነው። በኅዳር! እኔ በኅዳር ስምንት ሰው አስመዝግቤልሃለሁ። በታኅሣሥ አምስት። ያ ሁሉ አየር፣ ያ ሁሉ አሳንሰር ለዚህ ነበር።

አማቴ ገንዘቡ አይደለም ያስጨነቃቸው። ስልኩን ይዘው መጥተው፣ «በአንድ ድምር ሲሉ፣ ከውስጡ ቀብሬ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? አንተ ንገረኝ።

የባለ ሉካንዳው ሚስት ቀለሙ ሰባት ደቂቃ ሳይሆን አርባ ደቂቃ ቆይቶባት ፀጉሯ ካሮት መስሏል። እሱንም ቅሬታዬ ውስጥ ይመዝግቡልኝ።

እህትዎ

* * *

መጋቢት 12

እታለም፣

መጀመሪያ ቁጭ በይ አልልሽም። ቆመሽም ቢሆን አንብቢው።

የጠየቅሽኝን ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ በኅዳር አውቄያለሁ። አዎ፣ ለማንም እንዳልናገር ወረቀት አስፈርመውኛል፤ ብናገር ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ክስም ነበረው። አይደለም፣ ስላላመንኩሽ አይደለም። እንዲያውም ስለማውቅሽ ነው። የካቲት 17 የጻፍኩልሽንና «ለማንም አታንብቢ» ያልኩሽን ደብዳቤ ለስንት ሰው እንዳነበብሽው ጋሼ በስልክ ነግሮኛል። የልብስ ሰፊዋ ተከራይ እህት ሳትቀር ሰምታዋለች።

ደብዳቤ የጀመርኩት ለምን እንደሆነም ልንገርሽ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ብልሽ ቃሉን ሳልጨርስ ትይዢኛለሽ። ድምፄን አንቺ ነሽ ያሳደግሽው። ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም ብዬ ነበር። በመጨረሻ ወረቀቱም አጋለጠኝ።

ያቺን መልእክት አርባ አንድ ጊዜ ጻፍኳት። አለቃዬ፣ «ወደ ተሻለ ምዕራፍ እየተሸጋገርን ነው ብለህ ጀምር» አለኝ። «እየዘጋን አይደለም ወይ?» አልኩት። «ነው፤ ግን እንደዚያ አይባልም» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። «ቁጭ ይበሉ» እና «እየዘጋን ነው» የሚሉትን ለማስገባት በሌላ ሁሉ ነገር ተሸንፌያለሁ።

የገዛን ትልቅ ባንክ ነው። የሚፈልገው ስማችሁንና ስልካችሁን ነው እንጂ ኪሶቹን አይደለም። ለስንት ሺህ ሰው «እርግጠኛ ነዎት?» እያልኩ አራት ዓመት ኖሬ፣ እነሱ ሲፈራረሙ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔ በሩ አጠገብ ውኃ እያደልኩ ነበር።

ለእማማ ግን አንድ ነገር አስፈቅጃለሁ። የእያንዳንዱ ደንበኛ የኪሶቹ ስምና በየኪሱ ያለው ገንዘብ በወረቀት ታትሞ በፖስታ ይመጣላችኋል። ቀብራቸው የትኛው እንደሆነ እዚያ ላይ ያዩታል። ይህን ያህል ብቻ ነው የቻልኩት።

ይቅርታ። ይህኛው በጠቅላላው አይደለም።

ወንድምሽ

* * *

መጋቢት 26

ይድረስ ለወንድሜ ለጭራሮ፣

ተቀይሜሃለሁ፤ እሱን እወቅልኝ። ግን ደብዳቤህን ሳሎን ውስጥ ሳይሆን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ለማንም አላነበብኩም። ለባለቤቴ ብቻ፤ ለእናቱም ትንሽ።

ያስፈቀድከው ዝርዝር መጣ። ምን ነበር ባላስፈቀድከው። የባሎች ፖስታ ለሚስቶች፣ የሚስቶች ለባሎች ነው የደረሰው። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስም በዚህ ሰፈር ማን ያያል፤ ያገኘው ሁሉ ይከፍታል። ባለ ሉካንዳውን ሚስቱ ከነካሮት ፀጉሯ መጥታ ደንበኛ ፊት ያዘችው። «ለማንም የማይነገረው ምንድን ነው?» ስትለው ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ዳንስ ነው ጭራሮ። የዳንስ ትምህርት። ለልጁ ሠርግ ሲል በየሳምንቱ ማክሰኞ ሥጋ ሊያመጣ ሄዷል ስንል አስተማሪ ጋ ነበር የሚሄደው። ያ ሰውዬ መቶ ኪሎ ነው።

እሱም በበኩሉ የእሷን ዝርዝር ከፍቶ ኖሮ፣ «አንቺስ ይሄ ‹ጥዬው የምሄድበት› የሚለው ምንድን ነው?» አላት። ኪሱ ባዶ ነበር። «ካፖርትህን የገዛሁልህ በምን መሰለህ?» አለችው። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ነው የሚሄዱት።

አማቴ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ይዘውታል። ገንዘቡ ግን በአንድ ድምር ከመጣ ወዲህ የሚጠይቃቸው ስለጠፋ ሁለት ጃንጥላ ገዝተዋል። ሌላውም እንደሳቸው ነው። ሁሉም አስገቢያችን አንቺ ነሽ እያለ ሊገዛ ሲል ለእኔ ይደውላል፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ እንድጠይቀው። ትናንት የአንዷን ፀጉር በጋለ ብረት ይዤ ልብስ ሰፊዋን በስልክ ስለ ምንጣፍ ሳነጋግር ጭስ ሸተተኝ።

አሁን የእኔን ጥፋት ልንገርህ፤ አንተ ከነገርከኝ እኔም መንገር አለብኝ። ይሄ ሁሉ ሰው የገባው ካስኩን ፈርቶ አይደለም። መጀመሪያ «ወንድሜ እዚያ ይሠራል» ነበር ያልኩት። ከዚያ «ትልቅ ሰው ነው» አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ባለ ሉካንዳው «ሥራ አስኪያጁ ነው እንዴ?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ነው ጥፋቱ። ስለዚህ ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ባንኩን የዘጋኸው አንተ ነህ ብሎ ያምናል። አንዳንዱ ገንዘብ ከስሮ ነው ይላል፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ሴት ናት ያጠፋችው ትላለች።

የእኔን ዝርዝር ባለቤቴ ከፍቶ አይቶታል። አጥፎ መልሶ ሰጠኝና ጎማ ሊለጥፍ ወጣ። አንተ ግን አላየኸውም አይደል?

እህትህ

* * *

ሚያዝያ 6

ይድረስ ለእታለም፣

አይቼዋለሁ።

ዝርዝሩ ሲታተም እያንዳንዱን ገጽ እኔ ነበርኩ የማርመው። ማንበብ አይፈቀድም፤ ፊደል ብቻ ነው የምናየው ተብሎ ነበር። ግን የአንቺን ስም አይቶ ፊደል ብቻ የሚያይ ሰው አለ? «ኪራይ» የሚለውን አየሁ፣ «ቀለምና ሻምፖ» የሚለውን አየሁ። ሦስተኛው «ጭራሮ ሥራ የፈታ ዕለት» ይላል። የተከፈተበትን ወር አየሁ። እኔ ሥራ የያዝኩበት ወር ነው። በየወሩ ነው የምታስገቢው፤ አንድ ወር እንኳ አልዘለልሽም። ሰፈሩን ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ነው ብለሽ አሳምነሽ፣ ራስሽን ግን አንድም ቀን አላሳመንሽም።

ለባልደረባዬ ማተሚያው ወረቀት ያዘ አልኩና ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አሳንሰሩ ስለማይሠራ ሰው ሁሉ በእኔ ላይ እየተራመደ ያልፍ ነበር።

ሥራዬ ትናንት አበቃ። ተሰነባብተናል። ለማስታወሻ አንድ አንድ የሻይ መጠጫ ጽዋ ሰጡን፤ ላዩ ላይ የባንኩ ምልክት አለበት። ገንዘቡን እንዳትልኪልኝ። የሦስት ወር ደመወዝ ከፍለውኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ገና እሺ አላልኩም። ብድር የሚሰጥ ድርጅት ነው። ሰው እንዲበደር የሚያባብል መልእክት ጻፍልን ነው የሚሉኝ። ስመጣ እነግርሻለሁ።

አዎ፣ እመጣለሁ። ሚያዝያ 15፣ በጠዋቱ አውቶቡስ። ሥራ አስኪያጅ አለመሆኔን ለሰፈሩ እኔው ራሴ እናገራለሁ። አንቺ አስቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው። ባለ ሉካንዳው ቢላዋውን የት እንደሚያስቀምጥ ብቻ እይልኝ።

ወንድምሽ

* * *

ግንቦት 2

ይድረስ ለወንድሜ፣

በደህና መግባትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሻንጣህ ውስጥ ስላገኘኸው ፖስታ ምንም የማውቀው ነገር የለም። የሻንጣ መለዋወጥ ይሆናል፤ አውቶቡስ ላይ ያጋጥማል። ባለቤቱ እስኪመጣ ብላበት።

ከሄድክ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። ሳሎኑ መሀል ቆመህ «ሥራ አስኪያጅ አይደለሁም፤ ጠረጴዛዬ አራተኛ ፎቅ ሽንት ቤቱ አጠገብ ነው፤ እኔ መልእክቶቹን ብቻ ነው የምጽፈው» ስትላቸው ዝም ያሉት ተቀይመው መስሎህ አንገትህን ደፍተህ ነበር የወጣኸው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ኩርባውን እንደታጠፈ ባለ ሉካንዳው፣ «እኔስ በጫማው አውቄዋለሁ» አለ። ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ ሸሚዝህ ትከሻው ላይ እንደሰፋህ አይታ ያን ጊዜውኑ ጠርጥራለች። ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር አሉ። እንዲህ የሚያውቁ ከሆነ ለምን አንድ ወር ሙሉ እኔን አሳቀቁኝ?

አማቴ ግን እንዲህ አሉ፣ «ሥራ አስኪያጅ አለመሆኑ ነው ደስ ያለኝ። ሥራ አስኪያጅማ ለእኔ ጫማ የሚጨነቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ያነጋገረኝ እሱ ከሆነ የዘጋው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።» ከዚያ ስለ ክብደትህ ተናገሩ፤ እሱን አልጽፈውም።

ሰዉ አሁን ገንዘቡን በወረቀት ፖስታ እየከፋፈለ በላዩ ላይ ስም እየጻፈ ነው። ባለ ሉካንዳው ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ በረዶ የያዘ ገንዘብ ለመላስ እንጂ ለማውጣት አይመችም ይላል።

አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ ስለ ብድር ድርጅቱ ሥራ ለጠየቅኸኝ ነገር ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁህም። ስመለስ አስቤበታለሁ። ሥራውን ያዘው። ኪራይ አለብህ፤ ከጽዋ ሌላ የሰጡህ ነገርም አይበረክትም። ግን የምትጽፈውን የሚያነበው ማን እንደሆነ አሁን አይተሃል። ፊታቸውን አውቀሃል። ቁጭ ብለህ ስትጽፍ እነዚህን ሰዎች ካስክ ስር አስቀምጠህ ጻፍ።

እህትህ

* * *

ሰኔ 18

ይድረስ ለእታለም፣

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ። ሥራ ላይ መቆየቴን ሳላውቅ መጻፍ አልፈለግሁም።

በገባሁበት ሳምንት የሰጡኝ የመጀመሪያ ሥራ ለሺህ ሰው የሚላክ መልእክት ነበር። የቀድሞው «ሕልምዎን ዛሬውኑ ይኑሩ» ይል ነበር። እኔ እንዳልሽኝ ልብስ ሰፊዋን አስቀመጥኩና ጻፍኩ፦ «ይህ ብድር ተከፍሎ የሚያልቀው በአምስት ዓመት ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት በየወሩ ይከፍላሉ። የሚገዙት ነገር ያን ጊዜም አብሮዎት ይኖራል?» አለቃዬ ፈቃድ ላይ ስለነበር ሳያየው ተላከ።

በሳምንቱ የሚበደረው ሰው በግማሽ ቀነሰ። አለቃዬ ከፈቃድ ተመልሶ አስጠራኝ። ጽዋዬን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የገባሁት። «ሥራህ ምን እንደሆነ ገብቶሃል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እስኪ ንገረኝ» አለኝ። ልነግረው ስጀምር ብድር የምታስመልሰዋ ሴትዮ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ቀኑን ሙሉ በስልክ ሰው ስትለማመጥና ስትቆጣ የምትውል፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት ናት። የመጀመሪያው ወር መክፈያ ቀን ያለፈው በዋዜማው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «ያንን መልእክት አንብበው ከተበደሩት ውስጥ ያልከፈለ አንድም ሰው የለም፤ አንድም ስልክ አልደወልኩም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንተ ነህ ወይ አለችኝና ከረሜላ ሰጠችኝ።

አለቃዬ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው። ለሦስት ወር ይሞከር ብሏል። ጽዋዬን መልሼ አውጥቻለሁ።

እማማ ከድርጅታችሁ ልበደር ብለው በስልክ ስለጠየቁኝ ነገር ግን መልሴ አይሆንም ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። እኔ ያለሁበት ድርጅት ስለሆነ ብለው ከሆነ ደግሞ ይባስ አይሆንም። መልእክቱን በስልክሽ ልኬልሻለሁ፤ አንብቢላቸውና ይተዉት በያቸው። በትህትና።

ወንድምሽ

* * *

ሐምሌ 3

ይድረስ ለወንድሜ፣

አነበብኩላቸው። በትህትናም ነው ያነበብኩላቸው፤ ሳሎኑን ዘግቼ፣ ሬዲዮውን አጥፍቼ።

የፈለጉት የፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ክፍል ተለቃለች፤ ልጆቹ ወረቀት ለማባዛት እስከ ገበያው ድረስ ነው የሚሄዱት። ቁጭ ብለው መንገዱን ሲያዩ ነው የመጣላቸው። በእኔ ሳሎን ፊት በየቀኑ የሚያልፈውን ልጅ ሲቆጥሩ ከርመዋል፤ እኔ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር።

አንብቤ ስጨርስ ራሳቸው ሊያዩት ስልኩን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህን የጻፈው ያ ቀጭኑ ወንድምሽ ነው?» አሉኝ።

«እሱ ነው። አይበደሩ ማለቱ ነው» አልኳቸው።

«እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም።»

«ታዲያ እንዴት ነው ያነበቡት?»

«አምስት ዓመት አለዎት ነው የሚለኝ» አሉ። «ሐኪሙ እኮ ክረምቱን ይውጡ እንጂ ነው ያለኝ። ይሄኛው ይሻላል።»

ባለቤቴ ብዙ ጮኸ። ከዚያ ደከመውና ዋስ ሆኖ ፈረመ። እሳቸውም ለመጀመሪያው ወር መክፈያ ብለው ያንን ለሞታቸው የያዙትን ሁሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ደረታቸው ውስጥ የነበረችውን ዝርዝር ደግሞ «ማሽኑ ሲደርስ ለሙከራ ይህችን ነው የማባዛው» ብለው ለብቻ ለይተው አኑረዋታል።

ማሽኑ ዛሬ ጠዋት መጣ። በክፍሏ በር አልገባ ብሎ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ባለቤቴ በሩን ከነመቃኑ እየነቀለ ነው። ባለ ሉካንዳውና ሚስቱ ማሽኑን በሁለት ወገን ይዘው እንዳይንከባለል እየጠበቁ ነው። አማቴ ላዩ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለሚያልፉት ተማሪዎች ከሰኞ ጀምሮ መምጣት እንደሚችሉ ይናገራሉ። እኔም ይህንን የምጽፍልህ ከመዶሻው ድምፅ መሀል ነው፤ መስመሩ ከተጣመመብህ ይቅርታ።

እህትህ